ውባንቺ የምትጀምርበት ድምፅ

የተስፉን አምፕሊፋየር «ሽማግሌው» ብላ ስም ያወጣችለት ውባንቺ ናት፤ ስሙም ልኩ ነበር። ሲቀሰቀስ ይዘገያል። ማብሪያውን ከተጫኑት በኋላ ውስጡ ያሉት አምፖል መሳይ ቫልቮች እስኪግሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ጭጭ ይላል። ከዚያ ማጉረምረም ይጀምራል። ማንም ጊታር ሳይነካ፣ ማንም ምንም ሳይለው፣ «እምምም» እያለ ካላጠፉት አያቆምም። ክብደቱ የደህና በግ ያህል ነው። ከገርጂ አትላስ በሚኒባስ ሲሄድ እንደ ሰው ወንበር ይዞ ነው፤ ረዳቶቹም ለምደውት «ሽማግሌውን አስጠጉት» ይሉ ነበር።

ባለቤቱ ተስፉ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አባቱ ከአክሱም መጥተው አዲስ አበባ ላይ በልብስ ስፌት ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ደህና ሥራ እንዲይዝ ተመኙ፤ እሱ ጊታር ያዘ። ሚስት አግብቶ ነበር፣ አልሆነም። አሁን ገርጂ አንድ ግቢ ውስጥ በተከራያት ክፍል ብቻውን ይኖራል። ሀብቱ ጊታሩ፣ ሽማግሌውና ውባንቺ ነበሩ፤ ምንም እንኳ ሦስተኛዋ ሀብት መባሏን ብትሰማ ባትወደውም።

ውባንቺ የሆሳዕና ልጅ ናት። ከእሱ በአምስት ዓመት ታንሳለች። ባሏ በጊዜ ስለሞተባት ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በጉሮሮዋ ነው። ከተስፉ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ዓመታት አትላስ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል፣ በየእሁዱ ምሳ ሰዓት። አስተናጋጆቹ ባልና ሚስት ይመስሏቸው ነበር። ሁለቱም ሲሰሙ ይስቃሉ እንጂ አያርሟቸውም።

እነዚህ ሰዎች በአንድ ነገር ይታወቃሉ። ሌላው ዘፋኝ ጊታሩ መንገዱን ጠርጎ እስኪያሳየው ይጠብቃል። ውባንቺ ግን ቀድማ ትገባለች። ማይኩን ትይዛለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ጥቂት ዝም ትላለች፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ስንኝ ያለ መሣሪያ ብቻዋን ትለቀዋለች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተስፉ ከሥሯ በጊታር ይገባል። አንድም ቀን ሳይገጥሙ ቀርተው አያውቁም። ሙዚቃ የሚያውቅ እንግዳ በዚያች ሰዓት ሹካውን ያስቀምጣል። «ድምፁን ከየት ነው የምትይዘው?» ብለው የሚጠይቁት ብዙ ናቸው። ተስፉ «እግዜር የሰጣት ጆሮ ነው!» ይላቸዋል፣ ራሱ የሰጣት ይመስል እየተኮፈሰ።

ተስፉ ጊታር መቃኛ መሣሪያ ኖሮት አያውቅም። ሽማግሌው ማጉረምረም ሲጀምር ወፍራሙን ክር በጣቱ ተጭኖ፣ ከጩኸቱ ጋር እስኪገጥም ያጠብቀዋል ወይም ያላላዋል። ሌሎቹን ክሮች ከዚያ ላይ ይቃኛል። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር የተነሳ ቀን ጩኸቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያኔ እሱም አብሮ ከፍ ዝቅ ያደርጋቸዋል። ለምን ብሎ አያውቅም። አንዴ እጁ የለመደው ነገር ነበር።

ባለፈው ዓመት የሆቴሉ ባለቤቶች ፊት ለፊቱን አፍርሰው በመስታወት አሠሩት። ከመስታወቱ ጋር አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ኣምደሚካኤል ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ትሁት ልጅ ነው፤ ትህትናው ነው የሚያናድደው። አንድ እሁድ ውባንቺ ልብስ ልትቀይር ገብታ ሳለ እጁን አጣምሮ ወደ ተስፉ መጣ።

«ጋሽ ተስፉ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ሳውንድ ምንድን ነው?»

«የቱ? ገና መጫወት አልጀመርንም እኮ።»

«እሱን ነው የምልዎት። ሳትጫወቱ የሚሰማው።»

ተስፉ ሽማግሌውን አየው። «እሱ እንግዲህ ጠባዩ ነው» አለ።

«ይገባኛል ጋሼ። ግን ገስቶቻችን እዚህ ሚቲንግ ያደርጋሉ፣ ስልክ ያወራሉ። እኔ የምፈልገው ክሊን ነገር ነው። የሚቀጥለው እሁድ አዳራሹ ለሰርግ ተይዟል፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ሁላችሁንም እሰማለሁ። ኮንትራት የማድሰው ከዚያ በኋላ ነው። ለእናንተ ብዬ ነው ቀድሜ የነገርኩዎት።»

ተስፉ ይህን ለውባንቺ አልነገራትም። ልቧን ለምን ላስጨንቅ? አለ። ሁሉን ነገር አስተካክሎ አንድ ቀን «እይ!» ሊላት ፈለገ። ደግ ሐሳብ ነበር። ስንቱ ቤት የፈረሰው በደግ ሐሳብ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌውን ተሸክሞ ኢምፔሪያል፣ ሙራድ ሱቅ ሄደ። ሙራድ የስልጤ ልጅ ነው። አባቱ መርካቶ ሬዲዮ ይሸጡ ነበር፤ እሱ ወደዚህ ተሻግሮ ጊታርና ማይክ ይሸጣል። የሽማግሌውን ጀርባ ከፍቶ በባትሪ አየውና አንገቱን ነቀነቀ።

«ጩኸቱ ይጠፋል ጋሽ ተስፉ። ጩኸቱን የሚያጣሩት ካፓሲተሮች ደርቀው ነው። ግን የዚህ ዓይነቱ እዚህ አይገኝም። ከውጭ እስኪመጣልዎት ወር፣ ሁለት ወር መታገሥ ነው።»

«ያለኝ ሁለት ሳምንት ነው።»

ሙራድ ከመደርደሪያው አንድ ጥቁር ነገር አወረደ። የእጅ ሻንጣ ታክላለች፤ በአንድ እጅ ነው ያነሳት። ፊቷ ላይ ትንሽ ስክሪን አላት። መቶ ዓይነት ድምፅ ይዛለች፣ ጊታሩ ልክ መቃኘቱን ራሷ ታሳያለች፣ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫም ይሰካባታል አለው። ገመዱን ሰካላት።

ተስፉ ጥቂት ጠብቆ «አብራው እንጂ» አለ።

«በርታለች እኮ!»

ተስፉ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ምንም የለም። ከሱቁ ጊታሮች አንዱን ሰክቶ አንድ ክር ነካ፤ ድምፁ ከዝምታ ውስጥ ጥርት ብሎ ወጣና ጥርት ብሎ ጠፋ። ደግሞ ነካው።

«ዕቃ በዕቃ እንለዋወጥ» አለ ሙራድ። «እንዲህ ያለ የድሮ ነገር ወደው የሚፈልጉ አሉ፤ እኔም አልጎዳም፣ እርስዎም አይጎዱም። ግን ዛሬ አይወስኑ። አብሮ የኖረ ዕቃ ነው፤ ቤት ሄደው ሰው ያማክሩ።»

«እኔ የማማክረው ሰው የለኝም» አለ ተስፉ።

ይቺን ቃል ያዙልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው የቆመች ሴት ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ሳለ ነው ይህን ያለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄኛው ግን ያፈሰሰውንም ያየው ኋላ ነው።

ረቡዕ ውባንቺ እንደ ልማዷ ለልምምድ ገርጂ መጣች። ገና ከበር ዓይኗ የሽማግሌውን ቦታ ፈለገ።

«ሽማግሌውስ?»

«ጡረታ ወጣ!» አለ ተስፉ እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ወደ አዲሷ ሄዳ እጇን አናቷ ላይ አሳረፈች። ክረምት ክረምት እጇን የምታሞቀው በሽማግሌው አናት ነበር። «ቀዝቃዛ ነው» አለች። ቀጥላም «ሳትነግረኝ?» አለችው።

«ላስደንቅሽ ብዬ ነው። ደግሞም ሥራ አስኪያጁ ጩኸቱን አልወደደውም፤ የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ሊሰማን ነው። ለሁለታችን ብዬ ነው ውብዬ። ቁሚና ሞክሪያት።»

ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች። ዝም አለች። ዝምታው ከወትሮው ረዘመ። ዓይኗን ገልጣ «አብራው እንጂ» አለች።

«በርታለች!»

እንደገና ጨፈነች፤ ከዚያ ጀመረች። ተስፉ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ገባ። የሆነ ነገር አልገጠመም። የጎላ ስሕተት አልነበረም፤ የእሷ ድምፅ ከጊታሩ በፀጉር ስንጣቂ ያህል ከፍ ያለ ነበር። ተስፉ ስክሪኑን አየ። ጊታር ልክ ሲቃኝ የምትበራው አረንጓዴ መብራት በርታለች። ሲያነሱ ሲጥሉ ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

«ምን ሆነሻል ዛሬ?»

ውባንቺ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየችና «ተስፍሽ፣ እኔ እኮ ከሱ ነበር የምይዘው» አለች።

«ከምኑ?»

«ከጩኸቱ። ዝም የምለው እሱን እየሰማሁ ነው። እሱ ላይ ቆሜ ነው የምነሳው። አንተም እሱ ላይ ስለምትቃኝ እንገናኛለን።»

ተስፉ ሳቀ። ሳቁ ግን ከሆዱ አልነበረም። እግዜር የሰጣት ጆሮ እያለ በየጠረጴዛው ሲኮራበት የኖረው ነገር የደረቀ ካፓሲተር ሥራ ሆኖ ተገኘ። የተታለለ መሰለው፤ ተቀየማት። መቀየሙን ግን ለራሱም አልተናገረም።

«እሺ፣ ምንም አይደለም» አለች ፊቱን አይታ። «ከመጀመሬ በፊት አንዲት ክር ንካልኝ። ቀስ አድርገህ፣ ሰው ሳይሰማ። እሱን እይዛለሁ።»

«ሰው ፊት? በመስታወት ቤት ውስጥ? የሃያ ዓመት ዘፋኝ ድምፅ ስትለምን ሊስቁብሽ እኮ ነው! ትለምጂዋለሽ ባክሽ። ዋናው ነገር ማሽኗ ልክ ናት።»

ውባንቺ ሁለተኛ አልጠየቀችም። የምትለምን ሴት አይደለችም፤ ባሏ ሲሞት እንኳ የባሏን ወንድሞች ደጅ አልጠናችም።

አሁን ስለ ተስፉ እውነቱን እንናገር፤ በእነዚያ ቀናት ደስተኛ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት አዲሷን ጠልቷት ነበር። ሽማግሌው ቀስ ብለህ ስትነካው ቀስ ይላል፣ በኃይል ስትመታው ይቆጣል፤ ይቺ ሁሉንም እኩል ትመልሳለች። ጊታሩ ጎረቤት ቤት የሚመታ ይመስለው ነበር። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከአንድ ቁጥር ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ ይውላል። ቀጭኑን ድምፅ ቀነሰ። ማስተጋባቱን ከሞላ ጎደል አጠፋው። በጥፍሩ መምታቱን ትቶ በአውራ ጣቱ ሥጋ፣ ወደ ጊታሩ አንገት ጠጋ ብሎ መንካት ጀመረ። በኃይል መምታት የለመደውን እጅ አለዘበው፤ በሃምሳ ስምንት ዓመት እጅ ማለዘብ ቀላል አይደለም።

በስድስተኛው ቀን አገኘው። ቁጥር አርባ አንድ፣ ወፍራሙን ድምፅ ግማሽ ቀንሶ። ቀጭኑ ክር እንደ ክራር ጠርቶ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ሸካራ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚሞት። ተስፉ ሃያ ዓመት በእጁ ይፈልገው የነበረው ድምፅ ይሄ ነበር። ሽማግሌው ውስጥ እንደማይገኝ እንኳ አላወቀም ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከጆሮው ማዳመጫውን ማውረድ አስጠላው።

በዚያ ሳምንት ዓርብ ውባንቺ ለልምምድ መጥታ በሩን አንኳኳች። አልሰማም። ደወለች፤ ስልኩ ከትራሱ ሥር ነበር። ተመልሳ ሄደች። ሁለት ያልተመለሰ ጥሪ ሲያይ «ነገ እደውልላታለሁ» አለ፤ በማግሥቱም ረሳው። ረቡዕ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችውና ገብታ ተቀመጠች። ተስፉ ጆሮውን እንደሸፈነ በጣቱ «አንዴ ጠብቂኝ» የሚል ምልክት ሰጣት። ጣቶቹ በሌለ ድምፅ ላይ ሲሄዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ስታይ ቆየች። በመጨረሻ ማዳመጫውን አውርዶ አብረው ሞከሩ። ያቺው ፀጉር ስንጣቂ።

«እይ» አለ አረንጓዴዋን መብራት እያሳያት፤ «እኔ ልክ ነኝ። አንቺ ነሽ የወጣሽው። ትንሽ ዝቅ በይ።»

«የት ድረስ?»

«ልክ እስክትሆኚ!»

እሁድ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ከሁለት ሰዎች ጋር ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ታብሌት ዘርግቷል። ውባንቺ የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳለች። አዳራሹ በጣም ጸጥ ያለ ነበር፤ ያ መስታወት የመንገዱን ድምፅ እንኳ አያስገባም። ማይኩን ያዘች። ዓይኗን ጨፈነች። ዝም አለች።

ተስፉ ጎኗ ቆሞ ያን ዝምታ ሰማው። ምን እየፈለገች እንደሆነ ያውቃል። ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ ጫፍ ዳሰስ ቢያደርገው ይበቃት ነበር፤ ከእሷ ሌላ ማንም አይሰማም። አውራ ጣቱ ክሩ ላይ ነበር። ግን ድምፁን በንጹሕ ዝምታ ውስጥ ሊያስገባው ፈለገ፤ ያቺን አርባ አንድ ቁጥር፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ፣ ለሥራ አስኪያጁ ሊያሰማው። አልነካውም።

ውባንቺ ከትዝታዋ ፈልጋ ጀመረች። ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው፤ አንዲት አስተናጋጅ ትሪዋን ይዛ ቆመች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተስፉ ገባ፣ ጥርት ብሎ፣ ልክ ሆኖ። ያቺ ፀጉር በሁለቱ መካከል ተሰነጠቀች። ውባንቺ ሰማችው፤ ዝቅ ልትል ሞከረች፤ ዝቅ ስትል አለፈችው። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ መሬት አልያዘም። ዘፈኑን ግን እስከ መጨረሻው አደረሰችው። ጥላው አልሮጠችም።

ኣምደሚካኤል እጁን አጣምሮ መጣ። «ጋሽ ተስፉ፣ ድምፁ በጣም አሪፍ ነው! ክሊን! ይሄንን ነበር የምለው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያደረገው ግን እሷ የማትሰማውን ያህል አልነበረም። «ማዘር ግን... እኔ ሙዚሺያን አይደለሁም፣ ልሳሳት እችላለሁ። ትንሽ ከመስመር የወጡ መሰለኝ። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ ተሳሳትኩ?»

ውባንቺ ማይኩን ማቆሚያው ላይ እያስቀመጠች ነበር። እጇ እዚያው ቆመ።

ተስፉ ብዙ ነገር ማለት ይችል ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መሣሪያ ስለቀየርኩባት ነው፣ አንድ ሳምንት ስጠን፣ እንደገና ስማን ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ አየ። «ጊታሩ እንኳ ልክ ነው» አለ። «ማሽኑ ልክ ነው የሚለው።»

ይህን ብቻ ነው ያለው። በቂ ነበር። ውባንቺ ነጠላዋን አንስታ፣ አስተናጋጆቹን አንድ በአንድ ስማ ወጣች። እሱን ስትሰናበተው «ቻው ተስፉ» አለችው። ተስፍሽ አላለችውም።

በሚቀጥለው እሁድ ሀይሚ የምትባል ልጅ መጣች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ሥርዓት ያላት ጎበዝ ልጅ ናት፣ ጊታሩን ጠብቃ ትገባለች፤ ምንም አይወጣላትም። እንግዶች የተስፉን ድምፅ ያደንቃሉ። አንዱ በስልኩ ቀርጾት ብዙ ሰው አየው። ሹካውን የሚያስቀምጥ ግን የለም። ውባንቺ ስልክ አታነሳም። አስተናጋጆቹ እንደነገሩት ሌላ ቦታ ሄዳም አልዘፈነችም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከሰው ጋር ስትቆም ከንፈሯን ነው የምታንቀሳቅሰው አሉ። ተስፉ ይህን ሲሰማ አዘነላት፤ ግን በልቡ አሁንም የወጣችው እሷ ነበረች። ታዝንላታለህ እንጂ አንተ አላጠፋህም ይለዋል ልቡ። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ገርጂ መንገድ ዳር ታክሲ ይጠብቃል። ገና መኪና አልበዛም። የመብራት ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር «እምምም» ይላል። ተስፉ ሳያስበው አብሮት አዜመ፤ ሳያስበው የቀኝ እጁ የሌለ መቃኛ ቁልፍ ጠመዘዘ። ከዚያ ደነገጠ። የሽማግሌው ድምፅ ነበር፤ ያው ራሱ። ያቺው መብራት ነበረች በሁለቱም ውስጥ የምታጉረመርመው። በአፉ እንደያዘው፣ እንዳይጠፋበት እያጉተመተመ፣ ሰው እብድ ነው ብሎ እያየው ወደ ቤቱ ሮጠ። ጊታሩን እንደ ድሮው በዚያ ድምፅ ቃኘውና አዲሷ ላይ ሰካው።

ቀይ በራ። ማሽኗ ከፍ ብለሃል አለችው። በፀጉር ስንጣቂ ያህል።

አልጋው ላይ ተቀመጠ። ሃያ ሁለት ዓመት ሁለቱም እዚያች ከፍታ ላይ ነበሩ። ማሽኗ ጊታሩን ዝቅ ስታደርገው እሷ አብራ አልወረደችም፤ ማንም አልነገራትማ። ዓይኗን ጨፍና፣ ምንም የሚይዛት ነገር ሳይኖር፣ ሰው ፊት ቆማ፣ በትዝታ ብቻ ትክክለኛዋ ቦታ ላይ ነበር ያረፈችው። እግዜር የሰጣት ጆሮ ያለው እውነቱን ነበር። ቦታውን የለቀቀው እሱ ነው። እሷ እሱ ትቷት በሄደበት ቆማ ነበር የወጣች የተባለችው። ተስፉ ከአባቱ ቀብር ወዲህ እንደዚያ አልቅሶ አያውቅም።

ታክሲ ሳይጠብቅ አዲሷን አንጠልጥሎ በእግሩ ኢምፔሪያል ወረደ። ሽማግሌው እዚያው ነበር፣ ተወልውሎ፣ መደርደሪያው ላይ ከፍ ብሎ። ሙራድ ገና ሲያየው ፊቱ በራ።

«እንኳን መጡ ጋሽ ተስፉ! ይስሙልኝ እስኪ!» ሰካው። ቫልቮቹ እስኪግሉ ጠበቁ። ቫልቮቹ ጋሉ። ተስፉ ጠበቀ። አሁንም ጠበቀ።

«ጩኸቱስ?»

«ጠፋ!» አለ ሙራድ በኩራት። «ዕቃውን ከዱባይ አስመጥቼ፣ ባለሙያ ሁለት ቀን ተቀምጦ ሠራው። አዲስ ሲወጣ እንኳ እንዲህ ጸጥ አይልም ነበር!»

«የድሮዎቹ ካፓሲተሮችስ?»

«የተበላሹት? ተጣሉ እንጂ፣ ምን ይደረጋሉ?»

ተስፉ ሱቁ ውስጥ ቆመ። ምን ብሎ ይነግረዋል? ብልሽቴን መልስልኝ ይባላል? ሙራድ ግን ፊቱን አይቶ ክፉ ነገር እንዳለ ገባው፤ ብዙም ሳይጠይቅ ሽማግሌውን አውርዶ አዲሷን ተቀበለው። ተስፉም ወሰደው። ለምን እንደወሰደው በደንብ አያውቅም፤ እሷ ዘንድ ባዶ እጁን መሄድ ስላልቻለ ይመስለኛል።

እሁድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰሚት ሄደ። ጊታሩን በጀርባው አዝሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በየደረጃው እያረፈ ሽማግሌውን ተሸክሞ ወጣ። ውባንቺ በሩን ከፈተች። ነጠላዋን ገና አላወለቀችም። እሱን አየች፣ ሽማግሌውን አየች።

«ግባ» አለች።

ምን እንደሆነ ሁሉን ነገራት፤ ትራንስፎርመሩን፣ ቀዩን መብራት፣ ሁሉን። «አንቺ ልክ ነበርሽ ውብዬ» አላት። እሷ መልስ ሳትሰጥ ሽማግሌውን ሰካችው። እጇን አናቱ ላይ አሳረፈች። ሲሞቅ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች።

«ይሄም ዝም አለ» አለች።

«አሠሩት።»

ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር። «እሱም እንዳንተ ልክ ሆነ።»

«አንዴ ብቻ ጀምሪ» አላት። «ከፈለግሽበት ተነሺ። እኔ እመጣለሁ።»

የማትጀምር መሰለው። ከዚያ እንደተቀመጠች፣ ከወለሉ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ጀመረች። ሦስት ወር ያልተነካ ድምፅ ስለሆነ ሻክሯል፤ ግን ቦታው ያው ነው። ተስፉ ጆሮውን ጊታሩ ላይ ደፍቶ ቁልፎቹን ጠምዘዝ፣ ጠምዘዝ አደረጋቸው። አንዱ እንኳ ሩብ ዙር አልሞላም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ገባ፤ ገጠሙ። ክፍሏ ውስጥ ያ የድሮው ነገር ቆመ፤ ሁለቱም ያውቁታል። አራት ስንኝ ሄዱ። ከዚያ ውባንቺ አቆመች።

«ይቺን ያህል ነበረች?» አለች ጣቶቹን እያየች።

«ይቺን ያህል ናት።»

«እና ያን ቀን ጣትህን ምን ያዘው?»

ተስፉ መልሱን ያውቃል። አልተናገረውም።

ውባንቺ ተነስታ ማብሪያውን ራሷ አጠፋችው፤ ገመዱን ነቅላ፣ እንደ ድሮው አጥፋ ጠቅልላ ሰጠችው። «ሂድ» አለችው። «ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ሆቴሉ ጋ ልጅቷን አታስጠብቃት።»

ሽማግሌውን አነሳ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ አስቀምጦት አረፈ፤ አናቱ ገና ሙቅ ነበር። ከላይ የቤቷ በር ሁለቴ ሲቆለፍ ሰማ።